ካውያ ያልተሰማው ጣት

ሻርጃ፣ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ቤትዎና ጎረቤትዎ እንደምን ከርማችኋል? ክረምቱን በሰላም ያወጣዎ አላህ በጋውንም በደስታ ያሳልፍዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ዑዘይር ነኝ፣ የሐርቡዋ የዘሐራ የልጅ ልጅ። አያቴና እናትዎ እህትማማቾች ነበሩ። ብዙ ስላልተገናኘን መልኬን ረስተውት ይሆናል። ኮምቦልቻ ሠርጌ ላይ መጥተው ለሙሽራዋ በብልቃጥ የእጅ ቅባት የሰጧት ጊዜ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሚስቴ ዚክራ ያን ቅባት እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ልጃችን ሩቂያ ሕፃን ሳለች ሽፍታዋን ያጠፋላትም የእርስዎ እጅ ነው ትለኛለች።

እዚህ የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ተኳሽ ነኝ። የልብስ ተኳሽ እንጂ የሰው አይደለሁም፣ እንዳይደነግጡ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ስለምውል ተረከዜ ተሰነጣጥቆ መራመድ አስቸግሮኛል። አብረውኝ የሚኖሩትም ያው ናቸው፤ አንዱ ጣቱ መሃል ይላላጣል፣ አንዱ ሙቀቱ አንገቱን አሽፍቶታል። ከፋርማሲ የገዛነው ሁሉ አልረዳንም። አንድ ሁለት ብልቃጥ ቢልኩልን ምንዳው ከአላህ ነው።

ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ ጆሮዎ እንደደከመና ብጽፍ እንደሚሻል ዚክራ ነገረችኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ፈሪድ ነው። ደሴ ሱቅ አለው፣ ዕቃ ሊገዛ ወደዚህ ይመላለሳል። ለቅባቱ የሚሆን ትንሽ ገንዘብም በእጁ ልኬያለሁ።

በዱዓዎ አይርሱኝ።
ዑዘይር


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዑዘይር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ለሚስትህና ለልጅህም ያቆይህ። መልክህን አልረሳሁትም። በሠርግህ ዕለት ከሙሽራዋ ይበልጥ ያፈርከው አንተ ነበርክ።

ቅባቱን በፈሪድ እጅ ልኬልሃለሁ። ምንም ተአምር የለበትም። ዳማከሴውን በጥላ አደርቅና በሰሊጥ ዘይት ውስጥ በለዘበ እሳት አውለዋለሁ። ከዚያ በስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። ሰሙን ፍቄ አቀልጥበታለሁ፣ ጥቂት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ፣ በቃ። ሰው ሁሉ እሬት ጨምሪበት ይለኛል፤ እሬት ውሃ አለው፣ ቅባቱን ያሻግተዋል። እሬት የሚፈልግ ከግቢው ቆርጦ ይቀባ።

እግርህን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈህ ካደረቅህ በኋላ ተቀባ። በእርጥብ ጣት አትዝቀው፤ ደረቅ ማንኪያ ይኑርህ። ደም ወይም መግል ያለበት ላይ አይቀባም፤ ለጓደኞችህም ንገራቸው። የእኔ ቅባት ለንቃቃት፣ ለመላላጥና ለሙቀት ሽፍታ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር የሐኪም ነው።

ገንዘቡን መልሼልሃለሁ። ከዘመድ አልቀበልም። ይልቅ ክዳናቸው ጥብቅ ያለ ትናንሽ ብልቃጦች ካገኘህ ላክልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ያፈስብኛል።

አክስትህ ዐሊማ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጀዛኪላህ ኸይር፣ አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ። ቅባቱ እዚህ ሲደርስ ሾርባ ሆኖ ነበር። ፈሪድ ሻንጣውን ሲከፍት ሸሚዞቹ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታሉ። የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አርግተን ተቀባነው። ተረከዜ በሳምንቱ ተገጣጠመ። አብሮኝ የሚኖር ባሽር የሚባል ሱዳናዊ አለ፣ አክስትህን ከእኔ ጋር ወደ ኻርቱም ልውሰዳት ይላል።

ብልቃጦቹን ልኬያለሁ። ውሃ ሞልቼባቸው፣ ገልብጬ ክዳናቸውን ሞክሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ላስቸግርዎ። አንድ ጓደኛዬ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ የነጣ ነገር ወጥቶበታል። ቋቁቻ ይመስላል። አያሳክከውም፣ አያመውም፤ አሠሪው እንዳያይበት ብቻ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ይለብሳል። ለቋቁቻ የሚሆን ካለዎት በሚቀጥለው ፈሪድ ሲመጣ ቢልኩለት። ጠንከር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው በዝቷል።

ዑዘይር


ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዑዘይር፣

ሰላምና ጤና ይብዛልህ። ብልቃጦቹ ደርሰውኛል፣ እጅህ ይባረክ።

በዛሬው ቅባት ሰሙን አብዝቻለሁ፤ በረሃውን ይችላል። ለጓደኛህ የላክሁት ቢጫ ክር የታሰረበት ብልቃጥ ነው። ግን ልጠይቅ። ቋቁቻ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ አይወጣም፤ አንገት፣ ደረት፣ ጀርባ ላይ ይበተናል፣ ላብ ያብሰዋል። ሲፍቁትም ዱቄት የመሰለ ነገር ይራገፋል። የእሱ እንዲህ ነው? ጠጉሩስ በነጣው ቦታ ላይ ይበቅላል?

ጠንካራ ይሁን ላልከው፣ ጤና አዳም ጨምረው የሚያቃጥል ቅባት የሚሸጡ አሉ። ያን ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ይቆስላል። እኔ አልሠራውም። ይህን አንድ ወር ይሞክር። ካልተለወጠ ሐኪም ይየው፤ ሁለተኛ አልልክለትም።

ዚክራ ባለፈው ሳምንት በሱቋ የሚሸጥ ጨርቅ ልትገዛ ከኮምቦልቻ መጥታ ጎራ ብላ ነበር። ሩቂያ ጥርሷን ነቅላ ታሳያለች። ዚክራ ስልክህ አጭር ሆነ ትላለች። ሥራ ነው ብያታለሁ።

ዐሊማ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ፤ አላህ ጾምዎን ይቀበልልዎ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በረመዳን ሥራው ከባድ ነበር።

አሁን የምፈልገው የቃጠሎ ቅባት ነው። ካውያ የምይዘው በግራዬ ነው፣ በቀኜ ጨርቁን አቃናለሁ። ለዒድ የሚተኮስ ልብስ ተቆልሎ ሳለ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ጨርቁ መስሎኝ ካውያውን አነሳሁት። ጨርቁ ደህና ነው። የተቃጠለው የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ነበረች። አጠገቤ ያለው ሰው ጮኸ እንጂ እኔ አልጮህኩም፤ አልተሰማኝማ። የሥራ ሰው እጅ እንዲህ ነው ተባብለን ሳቅን። ግን ቁስሉ አልደርቅ አለኝ።

የዚያ ጓደኛዬም ነገር አልተለወጠም። ዱቄት የሚባል ነገር የለውም። ክንዴ

ክንዱ ላይ ያለው ትንሽ ሰፍቷል። እባክዎ ለሁለቱም ይላኩ። እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ገበያ ሰው አስበው የፈለጉትን ያህል ይጠይቁኝ።

ዚክራ ብትመጣ ስለ ጣቴ አይንገሯት፣ ትጨነቃለች።

ዑዘይር


ደሴ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዑዘይር፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ልብህን ያጽናልህ። በዚህ ደብዳቤ ቅባት የለም። ፈሪድ የጣለው እንዳይመስልህ፣ እኔ ነኝ ያልላክሁት። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ የኔነሽ ሰም ያመጣችልኝ ቀን ነው። የኔነሽ ቦሩ ሜዳ የምትኖር ገበሬ ናት፤ ቤቷ ከሆስፒታሉ አጥር ብዙ አይርቅም። ስምህን ሳልጠራ፣ አንድ ሰው ካውያ ጣቱን አቃጥሎት አልተሰማውም አሉ ብዬ ነገርኳት። ሰሙን የጠቀለለችበትን ቅጠል መፍታቷን ትታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ቃጠሎው ሲሸተው ነው ያወቀው?»

«አዎ።»

«ገላው ላይ የነጣ ነገር አለበት?»

«አንድ አለ፣ ክንዱ ላይ። አያሳክከውም።»

«እትዬ ዐሊማ፣ ይሄ እንኳ የእርስዎ ቅባት ነገር አይደለም። እኛ ሰፈር እንዲህ እያሉ የሚመጡ አያለሁ። ቶሎ የመጣ ድኖ ይሄዳል። ጣት የሚያጥፈው ሲቆይ ነው።»

በማግስቱ ከእሷ ጋር በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ቆዳ ክፍል የምትሠራ ነፃነት የምትባል ነርስ አነጋገረችኝ። ለእሷም ስምህን አልነገርኳትም። ሳይመረመር ነውም አይደለምም አልልም አለች። ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ዓይኑን ይጨፍን። ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ እዚህም እዚያም ይንካው፣ እሱ የተነካበትን እያሳየ ይቀጥል። የነጣው ቦታ ላይ ካልተሰማው ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ነገ ዛሬ አይበል።»

ስሙን እዚህ ልጻፈው፣ ሁለታችንም ዙሪያውን እንዳንዞር። የጠረጠሩት የሥጋ ደዌ ነው። መድኃኒት አለው፣ ክኒን ነው፣ በነፃ ይሰጣል። የሚወስድ ሰው ይድናል። የሞተ ነርቭ ግን ላይመለስ ይችላልና መዘግየቱ ነው የሚጎዳው።

ጓደኛህ ያልከው ሰው አንተ ነህ። «ክንዴ» ብለህ ጽፈህ ወደ ሌላ መስመር አለፍክ፣ ግን አልሰረዝከውም። እኔ የደከመው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው።

ቅባት ብልክልህ ቆዳህ ይለሰልሳል፣ አንተም ተሻለኝ ብለህ ትቀመጣለህ። ስለዚህ አልልክም። ቃጠሎውን በንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን፣ እዚያው ላለ ሐኪም አሳይ። ለዚክራ አልነገርኩም።

አክስትህ ዐሊማ


ሻርጃ፣ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ዐሊማ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን አንብቤ ቀደድኩት። አብረውኝ የሚኖሩት አማርኛ አያነቡም፣ ቢሆንም ቀደድኩት።

እኔ የለመንኩት የቃጠሎ ቅባት ነው። እርስዎ ግን የእኔን ነገር ይዘው ሰም ሻጭ ጋ፣ ከዚያም ሆስፒታል ድረስ ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር በዘራችን ኖሮ አያውቅም። ጣቴ እየደረቀ ነው። እጄ የደነዘዘው ከሥራ ብዛት ነው፤ እዚህ እጁ ያልደነዘዘ ተኳሽ የለም።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ የሚታደስበት ጊዜ እየቀረበ ነው። እዚህ ሐኪም ቤት ገብቼ ያ ስም ቢወጣ በማግስቱ ወደ አገሬ የሚያሳፍሩኝ ይመስለኛል። ኮምቦልቻ ያለው የዚክራ ሱቅ በማን ላብ እንደቆመ እርስዎም ያውቃሉ። ወንድሟ መሕሙድ ደግሞ እንኳን ይህን ሰምቶ እንዲሁም አይወደኝም።

ለዚክራ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ። ወላሂ፣ ከነገሯት ዘመድነታችን እዚህ ላይ ያበቃል። ቅባት የሚሠራ ሌላ ሰው አይጠፋም።

ዑዘይር


ደሴ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዑዘይር፣

አላህ ቁጣህን ያብርድልህ፤ ጤናህንም ይመልስልህ። ተቆጥተህ መጻፍህ ካለመጻፍህ ይሻላል።

የኔነሽም ነርሷም ማን እንደሆንክ አያውቁም። ዚክራም እስካሁን አልሰማችም። ግን ባለፈው ማክሰኞ መጥታ የሆነውን ልንገርህ።

ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ፣ «ለእርስዎ ይጽፋል አሉ፤ ፈሪድ ነገረኝ» አለችኝ።

«ስለ ቅባት ነው።»

«ለእኔ በቪዲዮ ሲደውል ካሜራውን ወደ ጣሪያ ያዞረዋል። እጅህን አሳየኝ ስትለው ሩቂያን ተቆጣት። ሌላ ሴት አለች? እዚያ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ቁጭ አለች። ምሳ አቀረብኩ፣ አልነካችም። ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው ብላ ተነሳች። ያልኳት ቃል ውሸት አልነበረም፣ እሷ የምትፈልገው እውነትም አልነበረም። አደራህን ጠብቄያለሁ። ሁለተኛ ከመጣች ግን አላውቅም አልላትም። ራሱን ጠይቂው እላታለሁ።

ጥጡን ሞክረኸዋል? ይህን ብቻ መልስልኝ።

ዐሊማ


ደሴ፣ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዑዘይር፣

አዲሱ ዓመት ጤና ያምጣልህ። ፈሪድ ያለ ደብዳቤ ተመለሰ። አገኘኸው ወይ ብለው አገኘሁት፣ ከሳ አለኝ። በሁለት እጁ ጨብጦህ ቀኝህን ወደ ኪስህ እንደመለስካት ነገረኝ፤ ምንም አላሰበበትም፣ እንደ ቀላል ወሬ ነው ያወራኝ።

ቅባት ባልክልህም ደብዳቤ እልክልሃለሁ።

ዐሊማ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። ለጻፍኩልዎ ክፉ ቃል አውፉ ይበሉኝ።

ጥጡን ሞከርኩት። ያስነካኝ ባሽር ነው። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎት ይስቅ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ጉንጬን ነካኝ፣ አሳየሁት። አንገቴን ነካኝ፣ አሳየሁት። ግራ እጄን፣ ጉልበቴን፣ ሁሉንም አወቅሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።

«ቀጥል እንጂ» አልኩት።

«እየነካሁህ ነው» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ክንዴ ላይ ነበር። እያየሁትም አይሰማኝም።

ባሽር አልሸሸኝም። ሻይ አፍልቶ አመጣልኝና ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ አመሸ። ትንሿ ጣቴና የጎኗ ጣት አሁን ቀጥ ብለው አይዘረጉም፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚቆልፍልኝ እሱ ነው። ክርኔን ከጠረጴዛ ጋር ሳጋጨው ኤሌክትሪክ የያዘኝ ያህል ያመኛል።

ለአለቃዬ አገሬ ልገባ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። እዚህ መመርመር ፈርቼ ጊዜ አጠፋሁ፤ እዚያ ግን እርስዎ የሚያውቁት ቦታ አለ። የወሩ መጨረሻ ሒሳቤን ተቀብዬ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለዚክራ ይንገሩልኝ። በስልክ ደጋግሜ ጀምሬዋለሁ፤ አፌን ስከፍት ዝናቡ እንዴት ነው ብዬ እጠይቃታለሁ። አባቷ ቤት ልትገባ ከፈለገች አልከለክላትም። ሱቁም የእሷ ነው። ይህንንም ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ዑዘይር


ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዑዘይር፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ይህን የሚያደርስልህ ፈሪድ ነው፤ ሳትሳፈር እንዲደርስህ ሱቁ ድረስ ሄጄ ሰጥቼዋለሁ።

ሰኞ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ዚክራ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴትዮ ጨርቅ ትለካ ነበር። ጨርሳ እስክትሸኛት ጠበቅሁ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጊው አልኳትና ሳልጠማዝዝ ነገርኳት፤ በሽታው ምን እንደሚባል፣ መድኃኒት እንዳለው፣ አንተም እየመጣህ እንደሆነ።

መጀመሪያ ያለችው ይህ ነው፦ «ሌላ ሴት የለችም?»

«የለችም።»

ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀና ስትል ደግሞ ሳቅ ሳቅ አላት። ቀጥላ ተቆጣች። «ዓመት ሙሉ! እኔን ምን አድርጎ ነው የሚያየኝ? ጥዬው የምሄድ?» አለች። አባቷ ቤት መግባት እንደምትችል ማለትህን ስነግራት ይባስ ብላ ጮኸችብኝ። የእኔ ጆሮ እንኳ ሰማ።

ከዚያ፣ «ሩቂያስ?» አለችኝ።

ቤተሰብ ሁሉ እንደሚታይ ነርሷ ነግራኛለች አልኳት። ለመሕሙድ ራሷ ልትነግረው ነው። እንዳትነግሪው አላልኳትም፤ የእሷ ወንድም ነው።

ለእሱ ምን ልበልልሽ አልኳት። «የምለውን ሲመጣ ለራሱ እለዋለሁ» አለች። ስለዚህ ና። የምትለው ነገር ብዙ ይመስለኛል።

አክስትህ ዐሊማ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ዐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ደብዳቤ መላክ ያስቃል፤ ግን ስንገናኝ ሰው ይበዛል፣ እኔም ላንቃዬ እስኪደርቅ መጮኽ አልወድም። የሚያደርስልዎ ዚክራን የሚያውቅ የሚኒባስ ሾፌር ነው።

ቦሩ ሜዳ የሆነውን አብረውን ስለነበሩ አልደግመውም። ነርስ ነፃነት ክርኔን ስትዳስሰው ከወንበሩ ብድግ ያልኩትን፣ ሩቂያ ልብስሽን አውልቂ ስትባል የጮኸችውን እርስዎም አይተዋል። እሷና ዚክራ ነፃ ናቸው መባሉን ግን በየቀኑ ለራሴ እደግመዋለሁ። ለጥንቃቄ የተሰጣቸውንም ክኒን ውጠዋል።

ሁለተኛውን ወር መድኃኒት ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሽንቴ ቀልቶ ሲወርድ ሞቼ ነበር፤ ዚክራ ነግረውሃል እኮ፣ አትሰማም እንዴ አለችኝ። ፊቴ ጠቆር ብሏል። ለጣቶቼ ማለማመጃ አሳይተውኛል፤ ትንሽ ይላወሱ ይሆናል እንጂ እንደ በፊቱ አይሆኑም ተብያለሁ። እጄን በየቀኑ ዘፍዝፌ ቅባት እንድቀባ ታዝዣለሁ። የእርስዎንም አሳይቻቸው «ይሆናል» ብለውኛልና አሁን ቢልኩልኝ እቀበላለሁ።

ዚክራ የምትለውን ብላኛለች። ብዙ ነው። እዚህ አልጽፈውም። አሁን ሱቅ አብሬያት እውላለሁ፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ።

ልጽፍልዎ የፈለግሁት ግን የመሕሙድን ነገር ነው። ባለፈው ጁምዓ ከመስጊድ መልስ ዚክራ ምሳ ጠራችው። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ለብቻዬ በሳህን መብላት ለምጄ ነበር። አብሮ መብላት ችግር የለውም ብለውኛል፣ ግን ማንም ሳይለኝ እኔው ጀመርኩት። ያን ቀንም ሳህኔን ይዤ ወደ በሩ ተቀመጥኩ። ትሪው ቀረበ። መሕሙድ እጁን ታጥቦ ነበር። ዚክራ መጣችና ሳህኔን ከእጄ ወስዳ ትሪው ላይ ገለበጠችው። «ቅረብ፣ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ቀረብኩ። መሕሙድ እጄን አየ። ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ተነስቶ ወጣ። እኛ በላን። ዚክራ አንዴም ወደ በሩ አልዞረችም፤ እኔ ግን ደጋግሜ ዞርኩ።

ዛሬ ጁምዓ ነው። ሳይጠራ መጣ። ስለ መንገድ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለማይመለከተን ነገር ሁሉ እያወራ ታጠበና በቀኜ በኩል ተቀመጠ። ቢስሚላህ አልን። እጁን ሳይሰድ ትንሽ ቆየ፤ እኔን እየጠበቀ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እጄን የሰደድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ጣቶቼ አይዘረጉም፤ እንጀራው ግን በሦስቱም ይቆረሳል። እሱም ከቆረስኩበት ጎን ቆረሰ።

ሩቂያ ትስምዎታለች። ዚክራም ሰላም ትላለች።

ልጅዎ ዑዘይር